ደካማ ጎንሽን ግለጪ

የወንድሟ ሚስት ከማለዳው ጀምራ በአንድ እግሯ አቁማታለች።

«ሳቂ።»

ሜትር ሳቀች።

«እንደሱ አይደለም! ጥርሱን የታመመ ሰው መሰልሽ እኮ። ከንፈርሽን ከፈት ነው የምታደርጊው፤ ትንሽ። ጥርስሽን ለራስሽ ያዢው።»

ሜትር ከንፈሯን ትንሽ ከፈተች። የወንድሟ ሚስት እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ከላይ እስከ ታች አየቻትና ራሷን ነቀነቀች።

«ይሁን እንግዲህ። ከዚህ በላይ ከየት ይመጣል።»

ሁለቱ ሴቶች በስምንት ዓመት ውስጥ በአንድ ነገር ሲስማሙ ይህ የመጀመሪያቸው ነበር። ሁለቱም ሜትር ከዚህ ቤት እንድትወጣ ይፈልጋሉ። ለመውጣት ሥራ ያስፈልጋል፤ ለሥራው ደግሞ ዛሬ ሦስት ሰዓት ላይ ቃለ መጠይቅ አለ። ስለዚህ ጠላትዋ ተነሥታ ሸሚዝና ጉርድ ቀሚስ ተኮሰችላት፣ የራሷን ጫማ አዋሰቻት፣ ፀጉሯን እስኪያማት ድረስ ጎትታ አሰረችላት። እንደዚያን ቀን ተንከባክባት አታውቅም።

ሜትር የመዝገብ ስሟ አይደለም። የመዝገብ ስሟን የምታየው መታወቂያ ስታወጣ ብቻ ነው። ረጅምና ቀጭን በመሆኗ፣ ደግሞም አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ጨርቅ ስትለካ በመኖሯ ሰፈሩ ያወጣላት ስም ነው። ከስድስተኛ ክፍል ወጥታ ትዳር ያዘች፤ ከዚያ አንድ ሽማግሌ ነጋዴ ሱቅ ውስጥ ገባች፤ ከዚያ ወዲያ ዓለምን በጣቃ ነው ያየችው። አንዲት ሴት ገና ከበር ስትገባ ዓይኗን ጣል አድርጋባት፣ «ላንቺ ሦስት ከሩብ ይበቃሻል» ስትል ሰፊዎቹ ደግመው አይለኩም ነበር። ጨርቅ ጫፉን በሁለት ጣቷ ስታሸው ጥጡን ከተቀላቀለው ትለያለች፤ ሲታጠብ የሚሰበሰበውን ከማይሰበሰበው ትለያለች። ሌላ ሙያ የላትም። ሽማግሌው ሲሞት ልጆቹ ሱቁን ሸጡት፤ እሷንም ከመደርደሪያው ጋር አሰናበቷት። ይሄው ዓመት ሊሞላው ነው።

ትዳሯ ከፈረሰ ጀምሮ የምትኖረው ታናሽ ወንድሟ ቤት ነው። የምትተኛው ከሳሎን ወደ ማድ ቤት በሚያሳልፈው መተላለፊያ ላይ፣ ራሷ ከሰፋችው መጋረጃ ጀርባ ነው። ውኃ የጠማው ሁሉ በእግርጌዋ ያልፋል። ልጆቹ መጋረጃውን ገልጠው ይስቃሉ። የወንድሟ ሚስት ባሏ ሲኖር «እትዬ» ትላታለች፤ ባሏ ሲወጣ «ይቺ ሴትዮ»። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ፍሪጅ ተገዝቶ መጣ። ከነካርቶኑ ሳሎን መሀል ተገትሯል፤ የሚገባው የሜትር አልጋ ያለበት ቦታ ነው። ማንም ውጪ አላላትም። «ፍሪጁ ቦታ ይፈልጋል» ብቻ ነው የተባለው።

ሜትር ከዳቦ ቤቱ ጀርባ አንድ ክፍል አይታለች። አራት በሦስት ነው፤ ግን በር አለው። አከራይዋ አሮጊት ናት፣ ሥራ የሌላት ሴት አታስገባም። «የሥራ ወረቀት ይዘሽ እስከ ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ከመጣሽ የአንቺ ነው» ብላታለች። «ካለፈ ላንዱ ሹፌር እሰጠዋለሁ። ሹፌር ደግሞ ቤት አይውል፣ ጣጣ የለውም።»

«እጅሽን አታወናጭፊ» አለች የወንድሟ ሚስት በር ላይ ቆማ። «እጅሽ ጉልበትሽ ላይ። ክርክር የለም። ‹እሺ› እና ‹ሥራ እወዳለሁ› ብቻ። እንደኔ ያለውን ሰው እንደምትመልሺው እንዳትመልሻቸው።»

«እንዳንቺ ያለ ሰው እዚያ ካለ ሥራው ይቅርብኝ።»

«ይኸው! ይኸው ይሄ አፍሽ ነው የሚገድልሽ!»

መደብሩ ባለ ሦስት ፎቅ ነው። ምድር ቤቱ ጣቃ ጨርቅ፣ ከዚያ በላይ የተሰፋ ልብስ፣ ከዚያ በላይ ቢሮ። ሜትር በመስታወቱ በር ስትገባ ዘበኛው በክንዱ ከለከላት።

«ወዴት?»

«ለቃለ መጠይቅ።»

«በኋላ በር።»

በኋላ በር ገባች፤ የካርቶን ክምር አልፋ ደረጃውን ወጣች። ኮሪደሩ ላይ አሥራ አንድ ልጃገረዶች በፕላስቲክ ወንበር ተደርድረዋል። ሁሉም አቃፊ ይዘዋል፤ ሁሉም ከንፈራቸውን ትንሽ ከፈት አድርገዋል። ሜትር የያዘችው ፌስታል ነው፤ መታወቂያዋና የሽማግሌው ልጅ በግድ የጻፈላት አንድ ገጽ የሥራ ልምድ አሉበት። የተረፈው ወንበር አንዲት ማስቲካ የምታኝክ ልጅ አጠገብ ነበር።

«እማማ፣ ልጅዎን አጅበው ነው?» አለች ልጅቷ።

«አዎ፣ አንቺን ነው ያመጣሁት። ማስቲካሽን ትፊ።»

ወንበሮቹ ሁሉ ሳቁ። ባለ ማስቲካዋ ፊቷ ቀላ፤ ግን ዝም የምትል ልጅ አልነበረችም። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ እንደሚያዝን ሰው ሆና፣ «ለእርስዎ ብዬ ነው እንጂ፣ እንዳይደክሙ» አለች። «እዚህ ቤት እኮ ጤና ይመረምራሉ። አሥር ሰዓት የሚያስቆም ሥራ ነው። እህቴን ወገቧን፣ ጉልበቷን፣ ሁሉን ነው ያዩዋት። ትንሽ ካመመ አይቀበሉም።»

«ማነው የሚያየው?»

«ራሳቸው ጠያቂዎቹ።»

ሜትር አላመነቻትም። ግን ነገሩ ሆዷ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። ግራ ጎኗን በክርኗ ነካ አደረገችው። መተላለፊያው ላይ ያለው ግድግዳ ቀዝቃዛ ነው፤ ስምንት ዓመት ሙሉ ተደግፋው ተኝታለች፤ በብርድ ወራት ከጎድን አጥንቷ ሥር እንደ መርፌ ይወጋታል።

ተራዋ ደርሶ ገባች። ክፍሉ ግማሹ መጋዘን ነው። ራስ የሌላቸው የልብስ ማሳያ አሻንጉሊቶች ራቁታቸውን ግድግዳ ተደግፈዋል፤ ማራገቢያው በዞረ ቁጥር ቀጭ ይላል። ከጠረጴዛው ኋላ ሁለት ሰዎች አሉ። አንዱ ከረባት ያሰረ፣ ገና ጢሙ በወጉ ያልበቀለ ልጅ ነው። ሌላይቱ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ የሜትር እኩያ የምትሆን ሥራ አስኪያጅ ናት፤ አንድ ወረቀት ታነባለች፣ ቀና አላለችም።

«ግቢ። ተቀመጪ» አለ ባለ ከረባቱ።

«ይግቡ» ይላል ብላ ነበር። ዋጠችው። እጇን ጉልበቷ ላይ አደረገች፤ ከንፈሯን ትንሽ ከፈተች።

«ስለራስሽ ንገሪን።»

«ጨርቅ ሻጭ ነኝ፣ ጌታዬ። አሥራ ሰባት ዓመት አንድ ቤት ሠርቻለሁ።»

«የትምህርት ደረጃ?»

«ስድስተኛ።»

«ስድስተኛ ምን?»

«ስድስተኛ ክፍል።»

ልጁ ወደ ሥራ አስኪያጇ ዞሮ አየ፤ እሷ አሁንም ወረቀቷ ላይ ናት። «ኮምፒውተር ነክተሽ ታውቂያለሽ?»

«አልነካሁም። መቀስ ግን ከሰጡኝ—»

«መቀስ አልጠየቅኩሽም።»

«እሺ። ሥራ እወዳለሁ።»

«እሱንም አልጠየቅኩሽም።» ልጁ አዛጋ። ወረቀቱ ላይ ካልደረሰባቸው ጥያቄዎች አንዱን በብዕሩ ጫፍ መታ መታ አደረገና እንደ በቀቀን ለቀቀው፦ «ጠንካራና ደካማ ጎንሽን ግለጪልን።»

ሜትር ደነገጠች። ለካ ያቺ ባለ ማስቲካ እውነቷን ነው! በሩን ዞራ አየች፤ ገርበብ ብሏል። ልጁን አየች፤ ብዕሩን ይዞ ይጠብቃል። እጇ ሳታዘው ከጉልበቷ ተነሥቶ የሸሚዟን ጫፍ ጭብጥ አደረገ።

«እዚህ?»

«እና የት?»

«እርስዎ እያሉ?»

«እኔ ነኝ እኮ የጠየቅኩሽ!»

ከአሥራ ሰባት ዓመት ሥራና ከአንድ ዓመት ሥራ ፈትነት በኋላ ሰው ብዙ ነገር ይዋጥለታል። ሜትር በሩን አሰበች፤ ይሄንን ሳይሆን ከዳቦ ቤቱ ጀርባ ያለውን። አሥራ አንድ ሰዓትን አሰበች። ጉሮሮዋን ጠረገችና፣ «ጠንካራው ቀኙ ነው» አለች። «ቀኙ ምንም አይለው። ደካማው ግራው ነው፤ እዚህ ጋ፣ ከጎድን አጥንቴ ሥር። ሲበርድ ይወጋኛል እንጂ ለሥራ አያስቸግረኝም፤ ቀን ሙሉ ብቆም አይሰማኝም። ግን… ገልጬ ላሳይ ካሉ፣ ለእሳቸው ላሳይ። እርስዎ ፊትዎን ቢያዞሩልኝ።»

ማራገቢያው ሁለት ጊዜ ቀጭ አለ።

ከዚያ ልጁ ፈነዳ። ግንባሩን ጠረጴዛው ላይ ደፍቶ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። ሥራ አስኪያጇ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ መነጽሯን አፏ ላይ ያዘች። ገርበብ ካለው በር ውጭ ደግሞ ኮሪደሩ ሁሉ በአንድ ድምፅ አሽካካ፤ የባለ ማስቲካዋ ሳቅ ከሁሉም በላይ ተሰማ።

«ጎን ማለት እኮ…» አለ ልጁ ዓይኑን እየጠረገ፣ «ባሕርይ ማለት ነው! ድክመትሽ! ጥንካሬሽ! ግለጪ ማለት አስረጂ! ወይኔ፣ ወይ ስድስተኛ ክፍል!»

ሜትር የሸሚዟን ጫፍ ለቀቀችው። ደሟ ከእግሯ ተነሥቶ ጆሮዋ ድረስ ሲፈላ ተሰማት። ምክሩ ሁሉ፣ ‹እሺ›ውም፣ ትንሽ ከፈት ያለው ከንፈርም፣ በነበረበት ቀረ።

«ስማ፣ አንተ ልጅ» አለች።

ልጁ ሳቁን ገታ። እስካሁን ‹እርስዎ› ሲባል ነበር።

«ጎን ጎን ነው። ባሕርይ ከፈለግህ ባሕርይሽ ምንድነው ብለህ ጠይቅ፤ ሰው ልብሷን ይዛ እስክትሳቀቅ ምን አስጠበቀህ? እሺ፣ ባሕርዬን ልንገርህ። ክፉ ነኝ። የሚስቅብኝን ሰው አልወድም፣ የሚዋሸኝን አልወድም። ሰው አላስለምድም፣ ሲያለቅሱብኝም አላባብልም። ጻፈው! ብዕር ይዘሃል አይደል? ደግሞ ያ ከረባትህ፣ ከረባት በሰያፍ ነው የሚቆረጠው። ያንተን የቆረጠልህ ሰው በቁሙ ቆርጦታል፤ ለዚያ ነው እንደ ውሻ ምላስ ወደ አንድ ወገን የተንጠለጠለው። እሱን ቀጥ አድርገህ ስታበቃ በሰው ትስቃለህ።»

ልጁ እጁን ወደ ከረባቱ ሰደደ፤ ግማሽ መንገድ ላይ ትዝ ሲለው መለሰው። «ጨርሰናል» አለ ድምፁ እየቀጠነ። «ቀጣይ!»

ሜትር ፌስታሏን አንሥታ ቆመች።

«ቁጭ በይ» አለች ሥራ አስኪያጇ።

«ለምን? የቀረ ሳቅ አለ?»

«ቁጭ በይ አልኩሽ። አንተ፣ በሩን ዝጋው።»

ልጁ ዘጋው። ሥራ አስኪያጇ ወንበሯን አዙራ ሜትርን ፊት ለፊት አየቻት። የምታዝን አትመስልም። ጨርቅ የሚገዛ ሰው እንደሚያይ ነው ያየቻት፤ ስንት ጊዜ ታጥቦ ያገለግል ይሆን እንደሚል።

«ለፈገግታ ሰው ሞልቶኛል» አለች። «ኮሪደሩ ላይ አሥራ አንድ ፈገግታ ተሰልፎ ተቀምጧል። ከታች ከደረጃው ሥር አንድ መስኮት አለ፤ የዕቃ መመለሻ። የመጀመሪያዋ ልጅ ስታለቅስ ስታለቅስ በሁለት ሳምንቷ ቀረች። ሁለተኛዋ አንጀቷ እየተላወሰ የመጣውን ሁሉ ተቀበለች፤ አባረርኳት። ሦስተኛዋን አንዲት ደንበኛ በጥፊ አለቻትና ያን ቀን እንደሄደች አልተመለሰችም። እዚያ የሚቀመጥ ሰው ነው የምፈልገው። መቀመጫ አለው፤ ያ የግራ ጎንሽ አይጎዳም።»

ባለ ከረባቱ ሊስቅ ከጀለ፤ ማንም አላጀበውም።

«ምንድነው ሥራው?» አለች ሜትር።

«አይመለስም ማለት።»

«ትክክል ከሆኑስ?»

«ትክክል ቢሆኑም። ነይ ተከተይኝ፣ አሁን እዚያ አንዲት እየጮኸች ነው ተብያለሁ። አንቺ ታነጋግሪያታለሽ። እኔ ከኋላሽ ሆኜ አያለሁ።»

ወረዱ። መስኮቱ እንደተባለው ከደረጃው ሥር ነው፤ ከታች ግማሽ ክብ የተቆረጠለት መስታወት፣ አንድ ወንበር፣ አንድ ደወል። መስታወቱ ላይ «የታጠበ፣ የተቆረጠ፣ የተሰፋ ዕቃ አይመለስም» የሚል ተለጥፏል። ከውጭ አንዲት የጽዳት ጋዋን የለበሰች ሴት ቆማለች፤ ከሥራ ተሰርቃ እንደወጣች ያስታውቃል፣ የላስቲክ ጓንቷ ከኪሷ ብቅ ብሏል። ሜትር ገና ከመቀመጧ አንድ ሰማያዊ ጨርቅና ደረሰኝ በቀዳዳው በኩል ተወረወረላት።

«ይኸው! ይኸው ደረሰኙ፣ ይኸው ጨርቁ! ለልጄ የትምህርት ቤት ልብስ ነው የገዛሁት። ሦስት ሜትር ብላችሁ ነው የሸጣችሁልኝ፤ ሂጂ ሰፊው ጋ ለኪው!»

ሜትር መለካት አላስፈለጋትም። ተሰብስቦ አንድ ስንዝር ከአራት ጣት እንደጎደለው በዓይኗ ብቻ አየች። እጇም እንደ ልማዱ ጨርቁን ጫፉን ይዞ አሸ። ቅይጥ ነው፤ ያውም ክፉ ቅይጥ። ቀለሙም ጣቷ ላይ ቀረ። በሽማግሌው ጊዜ እንዲህ ያለ ጣቃ ሲመጣ ከጋሪው ሳይወርድ ተመልሶ ነበር የሚሄደው።

«ታጥቧል» አለች።

«አዎ ታጥቧል! ሳይሰፋ ይታጠብ ብዬ ነው ያጠብኩት፤ የባለሙያ ሥራ ነው እሱ!»

ልክ ናት። ሜትር ራሷ ስንት ሴት ‹ሳታጥቢ እንዳታሰፊ› ብላ ሸኝታለች።

«የታጠበ አይመለስም።»

«ካልታጠበ መጥፎነቱ በምን ይታወቃል?»

«እሱን እኔ አላውቅም። የታጠበ አይመለስም።»

«እንግዲህ ስሙልኝ!» ሴትየዋ ዞራ ለጣቃ ገዢዎቹ ሁሉ ተናገረች። «ሳይታጠብ ጉዱ አይታይ፣ ከታጠበ አይመለስ! ታዲያ ይሄ መስኮት ለምንድነው የተከፈተው? ለነፋስ ነው?» ሁለት ገዢዎች ሳቁ። ሴትየዋ ተመልሳ አፏን ወደ ቀዳዳው ዝቅ አደረገች፤ አሁን ድምፅዋ ሌላ ነበር። «እህቴ፣ የመደብሩ ሰው እንደሆንሽ አውቃለሁ። ግን እጅሽን አይቻለሁ፤ ስታሺው አይቼሻለሁ። ጨርቅ ታውቂያለሽ። እውነቱን ንገሪኝ፣ አንቺ ትገዢዋለሽ?»

ሜትር ዝም አለች። ከጀርባዋ የሥራ አስኪያጇ መነጽር ከልብሷ ቁልፍ ጋር ሲጋጭ ተሰማት። በጎን በኩል ባለው የግድግዳ ሰዓት አምስት ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ነው። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ብዙ አለ፤ ግን ወረቀቱ የሚጻፈው አሁን ነው። ወይ አሁን፣ ወይ ከናካቴው።

«አይመለስም» አለች። ጨርቁን አጥፋ፣ ዳርና ዳሩን አጋጥማ፣ እንደምትችለው አሳምራ አጥፋ፣ ደረሰኙን ከላይ አድርጋ በቀዳዳው መለሰችው።

ሴትየዋ ጨርቁን አየች፤ አስተጣጠፉን አየች። ከጩኸቱ ሁሉ ያ የባሰ ያናደዳት መሰለ።

«ልጆችሽ ይልበሱት!»

«የለኝም።»

«እንኳንም አልኖረሽ» አለች ሴትየዋ ቀስ ብላ። ጨርቁን ብብቷ ሥር ሸጉጣ፣ ጓንቷን ወደ ኪሷ መልሳ ገፍታ፣ ሄደች።

ሥራ አስኪያጇ ከመሳቢያው ቅጽ አውጥታ ከመስኮቱ ጠርዝ ላይ አስቀመጠች።

«ሰኞ ሁለት ሰዓት። አንድ ነገር ብቻ፤ ጨርቁን ነካሽው።»

«ልማድ ነው።»

«ተዪው። በብዕር ገፋ አድርጊው፣ በምን እንደፈለግሽ። ከነካሽው ታውቂያለሽ፤ ካወቅሽ ፊትሽ ላይ ይታያል። ዛሬ ታይቷል። እንደዛሬው ያለውን ዝምታ ሌላ ቀን ባየው አልወድም።»

«እሺ» አለች ሜትር። በዚያች ቀን ከምክሩ የሠራላት ቃል ይህ ብቻ ነበር።

ወደ ቢሮው ተመልሳ ወጥታ ስሟን በቅጹ ላይ ስትጽፍ ጊዜ ወሰደባት። ባለ ከረባቱ ማኅተም ይዞ ከአጠገቧ ቆሞ እያንዳንዷን ፊደል ሲጠብቅ ትንፋሹ ይናገር ነበር። ከረባቱን አውልቆታል። ማኅተም አርፎበት የተሰጣት ወረቀት ላይ «የዕቃ መመለሻ ሠራተኛ» የሚል ተጽፏል። በኮሪደሩ ስታልፍ ባለ ማስቲካዋ፣ «እህ እማማ፣ ጎንዎን አዩልዎት?» አለቻት።

«አይተው ወደዱት» አለች ሜትር ሳትቆም።

መንገድ ላይ ስልኳ ጮኸ። የወንድሟ ሚስት ናት።

«እህስ?»

«አለፍኩ።»

«እሰይ! ሳቅሽላቸው አይደል? ነግሬሽ ነበር እኮ!» ከዚያ ከስልኩ ራቅ ብላ፣ «ልጆች! ካርቶኑን ቅደዱት! ያንን አልጋ በዚያ በኩል ያዙት!» ስትል ተሰማ። ሜትር ስልኩን ዘጋችው። እየሄደች ጣቶቿን በቀሚሷ ጠረገቻቸው፤ ሰማያዊው ቀለም ትንሽ ለቀቀ፣ ትንሽ ቀረ።

አከራይዋ ወረቀቱን ከዓይኗ አርቃ፣ እጇን ዘርግታ አነበበችው። ገልብጣ ጀርባውን አየች። ማኅተሙን በጥፍሯ ፋቅ ፋቅ አደረገችው።

«መጠጥ?»

«አልጠጣም።»

«ወንድ?»

«የለም።»

«ሬዲዮ?»

«የለኝም።»

«የሚመጣብሽ ዘመድ?»

ሜትር አሰበች። ወንድሟ ይመጣል ወይ? አንድ ቀን ‹እታለም› ብሎ በር ላይ ቆሞ፣ እጁን ኪሱ ውስጥ አድርጎ፣ ምን እንደሚል ጠፍቶበት? «የሚመጣ የለም» አለች።

«ውኃ የሚቀዳው ጠዋት ብቻ ነው። ሽንት ቤቱን የሚያጥበው ባለ ተራ ነው፤ ሰው ላይ መላክ የለም። መብራት በሦስት ሰዓት ይጠፋል። ግድግዳ ላይ ምስማር አይመታም። ልብስ የሚሰጣው በዚያ በኩል እንጂ በኔ መስኮት ፊት አይደለም፤ አንዷ አስጥታ አይቻታለሁ፣ የት እንደገባች አልነግርሽም—»

አሮጊቷ ስታወራ ሜትር ወደ ክፍሉ ገባች። ባዶ ነው፤ የቀለምና የአሮጌ ካልሲ ይሸታል። ከዳቦ ቤቱ በኩል ያለው ግድግዳ ለብ ያለ ነው። በሩ የቆርቆሮ ነው፤ ከታች ሲሚንቶውን እየፋቀ ይንቀራፈፋል፣ እስከ መጨረሻው አይገጥምም።

«እሱን በትከሻሽ ነው የምትገፊው!» አለች አሮጊቷ ከደጅ። «ግን ቆይ፣ ገና ልጨርስልሽ፣ ስለ ከሰል—»

ሜትር ትከሻዋን አስጠግታ ገፋች። ቆርቆሮው ጮኸ፣ ሲሚንቶውን ፋቀ፣ ገጠመ። መቀርቀሪያውን ወረወረችው።

«ኧረ አንቺ ሴትዮ! እያወራሁ እኮ ነው! ሰው ሲያወራ በር ይዘጋል? ይሄ ነው እንግዲህ ሥራ ያላት ሴት! ክፈቺ!»

ሜትር ከውስጥ ቆማ አዳመጠቻት። ክፉ ድምፅ ነው፤ ቀንም ሌሊትም የምትሰማው ድምፅ እንደሚሆን ገባት። ከሰኞ ጀምሮ ደግሞ ከመስታወት ውጭ ሌሎች ይጨመሩበታል። ቢሆንም መክፈት አላሰኛትም። የተዋሰችውን ጫማ አወለቀች፤ ወለሉ ላይ፣ ክፍሉ መሀል፣ ማንም በእግርጌዋ በማያልፍበት ቦታ እግሯን ዘርግታ ተቀመጠች።

«ክፈቺ እንጂ!»

«መጣሁ» አለች፤ አልተነሣችም።